ለጎጎ የቆጠርኩላቸው ሰባት አባቶች

«ይሄ ሰውዬ የማንም አባት አይደለም! ይሄም አይደለም! ይሄኛውም!» የአከራዬ ልጅ እናቷ ቤት ግድግዳ ላይ በለጠፍኩት ካርቶን ላይ ጣቷን ከስም ወደ ስም እያወረደች ትጮህብኛለች። «ሰባት የማይተዋወቁ ሰዎች ሰብስበህ አዋለድካቸው እኮ፣ ማይ ፍሬንድ!»

ማይ ፍሬንድ። በጆሃንስበርጓ የጥቁሮች ሰፈር በአሌክሳንድራ ውስጥ ስማችንን መያዝ ያልፈለገ ደንበኛ ሁሉ እኛን ሐበሻ ባለሱቆችን የሚጠራን እንዲህ ነው። እሷ ግን እስከዚያ ጠዋት ድረስ «ወንድሜ» ነበር የምትለኝ።

«ቀስ በይ» አሉ እናቷ ከወንበራቸው ሳይነሱ። «ልጁ በነጻ ነው የሠራልኝ።»

«በነጻማ ነው፣ እማ! ለዚህ ደግሞ ማን ይከፍላል?»

እናትየዋን ጎጎ እላቸዋለሁ፤ በዙሉ አያቴ እንደማለት ነው። እሳቸውም ምዙኩሉ ይሉኛል፤ የልጅ ልጄ። ከቤታቸው ጀርባ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል ከተከራየሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ቀን ቀን የአገሬ ሰው ሱቅ ውስጥ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ ቆሜ ዳቦና የስልክ ካርድ እሸጣለሁ፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ በብስኩት ካርቶን ቅዳጅ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ጎጎ ይህን ያውቃሉ። አንድ ቀን «አንተ መጻፍ ትወዳለህ» ብለው ከአሮጌ የሻይ ጣሳ ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ።

የአያታቸው አባት ጥቁር አሜሪካዊ መርከበኛ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ከመርከብ ወርዶ፣ ወርቅ ተገኘ ሲባል ሰምቶ መጥቶ፣ እዚሁ ጆሃንስበርግ ቀረ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁለት ስሙ፣ ዕድሜውና የተወለደበት ወረዳ ብቻ ነው። «ከማን እንደመጣ ሳላውቅ መሞት አልፈልግም» አሉኝ ጎጎ።

እኔ ባደግኩበት በደቡብ ኢትዮጵያ ሰባት አባቶቹን መቁጠር ያቃተው ወንድ ይሳቅበታል። እውነቱን ለመናገር የራሴን ከአምስት አላሳልፍም፤ ስድስተኛውና ሰባተኛው ላይ እያጉተመተምኩ ነበር የማልፈው። የጎጎን ግን ሰባቱንም ሞላሁ። የመርከበኛውን ሁለተኛ ስም ይዤ፣ ስልኬ ላይ በተከፈተ የድሮ መዝገብ ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራ ሰው ፈለግኩ። አንድ ሰባኪ አገኘሁ። አባቱ ነዋ! የሰባኪውን ሁለተኛ ስም ይዤ ደግሞ አንድ አንጥረኛ አገኘሁ። አያቱ! እንዲህ እያልኩ ወጣሁ። ዓመቶቹ አልገጥም ሲሉኝ ጥፋቱን በድሮ ጸሐፊዎች ላይ አላከክሁ።

እኛ ዘንድ የሰው ሁለተኛ ስሙ አባቱ ነው። አሜሪካኖቹ ዘንድ ግን አንዱ ስም ሳይለወጥ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳል። አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። የስደተኛ ወረቀቴ ላይ የአባቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ሲጽፉብኝ ስንት ጊዜ ስቄባቸዋለሁ።

ልጅቷ አስተማሪ ናት። ካርቶኑን ፎቶ አንስታ ታሪክ ለሚያስተምር ባልደረባዋ ስታሳየው ሰውየው ሳቀ። በዚያ ሳቅ ተቃጥላ ነው የመጣችው። ግማሹን እንጂ ሁሉንም አታውቅም ነበር።

ዓርብ ዕለት ሱቅ ውስጥ ቆሜ ያንኑ መዝገብ ሳገላብጥ አንድ ገጽ ላይ ደርሼ ነበር። ወረዳው የመርከበኛው ወረዳ ነው። ሁለተኛ ስሙም ከላይ ተጽፏል፤ ግን የባለቤቱ ስም ሆኖ ነው፤ የእርሻውም፣ የሰዎቹም ባለቤት። ከሥር የተዘረዘሩት ባሪያዎቹ ስም የላቸውም። ወንድ፣ ሠላሳ። ሴት፣ ሃያ ሁለት። ወንድ፣ አራት። የመርከበኛውን ዕድሜ ሳሰላው ከአራት ዓመቱ ልጅ ጋር ገጠመ። እኔ አባት ብዬ የጻፍኩት የጌታውን ስም ነበር። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

እሑድ የጎጎ የልጅ ልጅ የወለደችው ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ተወስዶ ስም ወጣለት፤ የሰባተኛው አባት ስም። እኔም ሰባቱን ስሞች በግጥም አድርጌ አነበብኩ። እልል አሉ። ተነሥተው አጨበጨቡ። ጎጎ አለቀሱ። እኔ ደስ አለኝ። ያሳፈረኝ መሳሳቴ አይደለም፤ ይሄ ነው። ለግጥሜ ሰው ሲነሣልኝ የመጀመሪያዬ ነበርና፣ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ደስ አለኝ።

«ነገ ልጁ ሊመዘገብ ነው» አለች ልጅቷ። «ዕድሜ ልኩን የማናውቀውን ሰው ስም ይዞ ሊዞር ነው!»

ጎጎ ወደ እኔ ዞሩ። «ተሳስተሃል?»

«ተሳስቻለሁ፣ ጎጎ።»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«መቼ ይሆናል፣ አሁን እኔ ስነግረው ነዋ!» አለች ልጅቷ። ሳታውቀው ማምለጫ ሰጠችኝ። ራሴን መነቅነቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ነቀነቅኩም። ጎጎ ግን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም።

«ዓርብ ነው» አልኩ።

«እሑድ ስታነብ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

ስልኬን አውጥቼ ገጹን አሳየኋቸው፤ የመርከበኛው ሁለተኛ ስም የማን እንደሆነ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። በጣታቸው በነኩት ቁጥር ጽሑፉ ስለሚሸሽባቸው፣ እኔው እየመለስኩ ያዝኩላቸው።

«የእኛው የቱ ነው?»

«ወንድ፣ አራት የሚሉ ሁለት አሉ። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።»

ሁለቱን መስመሮች ተራ በተራ አዩ። «ሁለቱም ሕፃናት ናቸው» አሉ።

ከዚያ ተነሥተው ሹራባቸውን ደረቡ። «ወዴት ነው፣ እማ?» አለች ልጅቷ።

«ወደ ሕፃኑ እናት። ከመመዝገባቸው በፊት ከእኔ ትስማው።»

«እኔ ሄጄ ልንገራት፣ ጎጎ።»

«አንተ እሑድ ተናግረሃል።»

ምዙኩሉ አላሉኝም። ማይ ፍሬንድም አላሉኝም። የጎጎ ቤት በር ዝናብ ጠጥቶ ስላበጠ አይገጥምም፤ ሁልጊዜ ሲወጡ ውጭ ቆመው «ከውስጥ ግፋልኝ!» ይሉኝ ነበር። እጄን ዘርግቼ ተነሣሁ። ከውጭ ራሳቸው ሳቡት፤ አልዘጋ አለ። ደግመው ሳቡት፤ ተዘጋ።