ቋ ያለው ጎራዴ

ዘመኑ መቼ እንደ ነበር በትክክል አላስታውሰውም፣ ብቻ የወተት ጥርሴ ገና መነቃቀል ጀምሮ ነበር። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ለሠርጉ ፎቶ የሚይዘው ጎራዴ ልንገዛ ደብረ ብርሃን አንድ የባህል ዕቃ መደብር ገብተን፣ ሻጩ ልጅ አንዱን መዝዞ ከጠረጴዛው ጋር ቢያጋጨው ቋ! አለ። ያ ድምፅ ይዞኝ ከጎረቤላ በላይ ወዳለው የልጅነት ቤታችን ሄደ።

አባቴ ጎራዴውን ከምሰሶው የሚያወርደው መስከረም ሲጠባ ነበር። የክረምቱን እርጥበት በጨርቅ ጠርጎ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ እኛን አራቱን ልጆቹን በዙሪያው አስቀምጦ፣ ብረቱን በጥፍሩ ነካ ሲያደርገው ጥንንን ይል ነበር፤ ትንፋሻችንን ይዘን እስኪጠፋ ሰምተን «ድገመው አባዬ!» እንል ነበር።

አንድ ዓመት ጥቅምት ላይ ውርጭ ገብሱን እንደ ቆመ መታው። በበጋው ጎተራው ተጠርጎ አለቀ፣ በጎቹም አለቁ፣ የበልጉ ዝናብም ቀረ። እናቴ ውሃ አፍልታ ጨው ጣል አድርጋ «እራት ነው» ትለን ነበር፤ ታናሿ እህቴ ለማልቀስ እንኳ አቅም አጣች። ክረምቱ ሊገባ ሲል አባቴ ብቻውን ወጥቶ በአህያ ገብስ ጭኖ ተመለሰ፣ ከየት እንዳመጣው ግን አልተናገረም። እሱን በልተን ከረምን።

መስከረም ሲጠባ ጎራዴውን አላወረደውም። «ዘንድሮ አልዛገም» አለን። ኅዳር ላይ ሳል ጀመረው፣ ጥር ሳያልቅ ሞተ።

በእኛ አገር የሟች ልብስና መሣሪያ ለቅሶው ሜዳ ላይ ይወጣ ነበር፤ ደህና ፎካሪ መሣሪያውን ይዞ ሟቹን እያወደሰ ለቀስተኛውን ያስለቅሳል። እናቴ በእጇ የቀረላት የባሏ ክብር ይኸው ነበርና ጎራዴውን ከነሰገባው አቅፋ አወጣችው። ፎካሪው መዝዞ ከዱላው ጋር ቢያጋጨው ቋ! ብሎ ጎበጠ።

«ይሄ የማን ድስት ክዳን ነው?» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ተሰማ። እናቴ እዚያው ቁጭ አለች፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ይኼኔ የአባቴ ታላቅ እህት ሰዉን ገፍታ ገብታ የጎበጠውን ብረት ነጠቀችው።

«ምን ያስቃችኋል? ወንድሜ ጎራዴውን ሸጦ ለእነዚህ ልጆች አበላው! ሚስቱ እንዳትሰማ ብሎ ነው ላሜራ በሰገባው የከተተው፤ ከቀጥቃጭ ቤት ያመጣሁለት እኔ ነኝ! አንተስ ፎካሪው፣ ምን አፍህን ይዘህ ቆመሃል? እሱን ጨምረህ ፎክር እንጂ!»

ሜዳው በለቅሶ ተናወጠ። እሷ ጎባጣውን በእጄ አስይዛ አገጬን ወደ ላይ አነሳችውና «ቀና በል!» አለችኝ።

መደብሩ ውስጥ ሻጩ ያቀረበልንን ሦስት ጎራዴዎች በጥፍሬ ነካካኋቸው። ከውጭ የመጣው ያብለጨልጫል፣ እጀታው ግን ፕላስቲክ ነው። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠው ትንሽ ይጮኻል፣ ግን ጫፉ ከብዶ እጅ ይጥላል። ቋ ያለው ሦስተኛው ያው ላሜራ ነው። ዘንድሮም ገብሳችንን ውርጭ መትቶታል፤ ከሦስቱ አንዱም ቢሸጥ አራት ልጅ ክረምት አያሻግርም።

«ላሜራውን ውሰድ» አልኩት የልጅ ልጄን።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ቆርቆሮ ነው!»

«አውቃለሁ፤ የአባቴም እንዲሁ ነበር» አልኩት፣ አንገቴንም አልደፋሁም። ያን ቀን ቀና ያደረገችኝ አክስቴ እትዬ ብርቄ ነበረች።