አንቀጽ አሥራ ስምንት ያልደረሰው ስብሰባ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት... ሱሉልታ፣ የሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ ነኝ። እኛ ሰፈር ላፕቶፕ ያለው ሰው ሳይመረጥ ጸሐፊ ይሆናል። አዲሱን መተዳደሪያ ደንብ በተዋስነው ፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ እያሳየሁ አነባለሁ፣ ሰው እጅ ያወጣል።

ችግሩ ደንቡን የሚከፍተው ፕሮግራም ነው። ገጹን ብታሰፋው፣ ስክሪኑን ብታስሞላው... ዘግተህ ስትከፍተው ምንም አያስታውስም። የቴምብር ያህል ሆኖ ጥግ ላይ ቁጭ ይልና ከገጽ አንድ ይጀምራል። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ሁሉም የሚጠብቀው አንቀጽ አሥራ ስምንትን ነው። «በተከታታይ ሦስት ቀብር የቀረ አባል ይሰረዛል» ይላል። ስም አልተጻፈበትም እንጂ እትዬ ዘነበችን ለማሰረዝ እንደሆነ ማንም ያውቃል። እሳቸው ከኋላ አግዳሚ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

ሊቀመንበራችን ኦቦ ደገፋ መርቀው ስብሰባውን ከፈቱ። እሳቸው ሲመርቁ ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ታክሲ ለሚጠብቀው ሳይቀር ነው። አንቀጽ ሰባት ስንደርስ መብራት ሄደ። ሲመጣ ከፈትኩት... ቴምብር፣ ገጽ አንድ።

«አንዴ ቆዩኝ፣ ወደ ሰባት ልመልሰው» አልኩ።

«ተው!» አሉ ኦቦ ደገፋ። «ገጽ አንድ ከሆነ ስብሰባው ገና መጀመሩ ነው። ሳይመረቅ አይነበብም።»

ተነሥተው መረቁ። አሜን አልን። ከመጀመሪያው አነበብኩ።

መብራቱ እንደገና ሄደ። እንደገና ቴምብር፣ እንደገና ምርቃት... አንቀጹን ያረቀቁት ጋሽ ታደለ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ኧረ በቀጥታ አሥራ ስምንትን ክፈትልን!»

«ምርቃት አቋርጠህ ነው?» አሏቸው ኦቦ ደገፋ።

ጋሽ ታደለ ቁጭ አሉ። ምርቃት የሚያቋርጥ ሰው እኛ ሰፈር ገና አልተወለደም። እኔ በሽማግሌው በግኛለሁ፣ በላፕቶፔም አፍሬያለሁ። አሥራ ስምንት ሳንደርስ መሸና ስብሰባው ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ።

ገመድ ስጠቀልል ኦቦ ደገፋ ጠጋ አሉኝ።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ይስተካከላል?»

«ቀላል ነው ኦቦ። አዲሱን ስጭንበት የቆመበትን ያስታውሳል። ዛሬ አደከምኳችሁ፣ ይቅርታ።»

«አይ... አትቸኩል» አሉ ዞር ብለው እያዩ። «ዘነበች አዲስ አበባ ሆስፒታል እየተመላለሰች ልጇን እያስታመመች ነው። ለሰው መንገር አትወድም፣ እኔንም አስምላኛለች። ልጁ ይዳንላት፣ ያኔ ቀብርም ትደርሳለች። እስከዚያ ላፕቶፕህ ይርሳ፣ ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው!»

ክው አልኩ። ስበግንባቸው የዋልኩትን ሽማግሌ ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ቤት ገብቼ ላፕቶፑን ስከፍት ፕሮግራሙ «አዲስ ማሻሻያ አለ፣ ይጫን?» አለኝ። «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን ነካሁ።

እስካሁን አላስታወሰኝም... ተመስገን!