የሻምፒዮኑ መርዶ

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ባለችው ጠባብ ጂሜ ውስጥ ቦርጫቸው ቀድሟቸው የሚገባ አንድ ነጋዴ ቁጭ ብድግ እያሠራሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው የጋሽ ኪሮስ ልጅ ሰላም ነበረች። «ግርማ፣ አባዬ ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለችኝ። ጥቂት አለቀሰችና ወደ ጉዳይዋ ገባች። «ሐፍቶምን ማን ይንገረው? የኛን ስልክ አያነሳም። ዱባይ ነው ያለው፣ ብቻውን። ቀብሩን እስከ ነገ ከሰዓት እናቆይለታለን። አንተ የልጅነት ጓደኛው ነህ፣ አንተ ንገርልን።»

እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ነጋዴውን «ለዛሬ ይበቃዎታል» ብዬ ስሸኛቸው የምሥራች የነገርኳቸው ያህል ደስ አላቸው። እኔ ግን አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ስልኩን እያገላበጥኩ ብዙ ቆየሁ። ለሐፍቶም የሚነገር መርዶ እጄ ላይ ሲወድቅ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የመጀመሪያውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንዳበላሸሁት ደግሞ ከጋሽ ኪሮስ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሐፍቶምን የስፖርት ወዳጆች ታስታውሱት ይሆናል። ቦክሱም፣ ትግሉም፣ እርግጫውም በተቀላቀለበት፣ ኤም ኤም ኤ በሚሉት ውድድር ቀበቶ ታጥቆ የመጣ የኛ ሰፈር ልጅ ነው። አሁን አስራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ያኔ ሁለታችንም ሃያ ሦስት ሃያ አራት ዓመታችን ነበር። የምንለማመደው ወሎ ሰፈር፣ ከአጎቱ ከጋሽ ኪሮስ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ምንጣፋችን ከአሮጌ ፍራሽ የተሰፋ ነበር። ጎረቤት ያለው ጋራዥ ቀለም ሲረጭ ሽታው በመስኮቱ ይገባና ራሳችንን ያዞረናል። እኛ ስንወድቅ ስንነሳ ደግሞ የጋሽ ኪሮስ ኮርኒስ ይንጓጓል፤ በመጥረጊያ እንጨት ከታች እየደበደቡ «ዛሬስ ማን ማንን ገደለ?» ይሉናል። ሐፍቶም አባቱን አያውቅም። ያሳደጉት እሳቸውና እህታቸው፣ ማለትም እናቱ እማማ ለተብርሃን ናቸው።

እማማ ለተብርሃን የሚኖሩት ሳሊተ ምሕረት ነበር። ውድድር በቀረበ ቁጥር ጠርተው ጥሕሎ ያበሉናል። የተቆላውን የገብስ ዱቄት በእጃቸው አሽተው፣ እያድቦለቦሉ ያቀርቡልናል፤ እኛም በእንጨት እየወጋን፣ ቀዩ ወጥ ውስጥ እየነከርን መዋጥ ነው። መዋጋቱን አይወዱትም። «በሰላም ሀገር ሰው ከሰው ምን ያጣላዋል?» ይሉ ነበር። ቢሆንም ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ይመርቁታል፤ መርቀው ሲጨርሱ ግንባሩን ይስሙታል። ርቆ ሲሄድ ምርቃቱ በስልክ ነው። ያለ እሳቸው ምርቃት ሐፍቶም ጓንት አጥልቆ አያውቅም።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ ለቀበቶው እንዲዋጋ ናይሮቢ ተጠራ። የተላከልን ሁለት ትኬት ብቻ ስለነበር አሠልጣኛችን ቀርቶ እኔ አብሬው ሄድኩ። ልምምድ የሚሠራው ከኔ ጋር፣ ውሃ የማቀብለው እኔ፣ እንግሊዝኛውን የምሰባብረውም እኔ ሆንኩ። ፍልሰታ ገና መፈታቱ ስለነበር ሀገር ሙሉ ሥጋ ሲያሳድድ እሱ ክብደት ለመቀነስ በላስቲክ ልብስ ተጠቅልሎ ይሮጣል። ሐፍቶም ካሸነፈ በሚቀጥለው ውድድር ለኔም ቦታ እንደሚሰጡኝ አዘጋጆቹ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ያለዚህ ታሪኩ እውነት አይሆንም።

ውድድሩ ቅዳሜ ነው። ሐፍቶም ውድድር ሲቀርብ ሐሳቡ እንዳይበታተን ስልኩን ለኔ ያስረክባል። ሐሙስ ጠዋት ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሳለ ጋሽ ኪሮስ በኔ ስልክ ደወሉ።

«ብቻህን ነህ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ለተብርሃን አርፋለች። ከኪዳን ስትመለስ ደጃፏ ላይ ወደቀች። ሐኪም ቤት አልደረሰችም።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስማኝ ልጄ። እኔ ከዚህ ሆኜ ልጁን አላየውም፣ አንተ ታየዋለህ። ይችለዋል ካልክ ንገረውና አሳፍረው፤ ቀብሩን እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት አቆይለታለሁ። በሰው ሀገር ብቻውን አይችለውም ካልክ ደግሞ ዝም በል፤ ሲመጣ እንደ ወጉ እኛ እናረዳዋለን። እንዳየህ አድርግ። እኔ አልቀየምህም።»

በኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይወረወርም። ሰው መንገድ ላይ፣ ብቻውን፣ በባዶ ሆዱ ሞት አይነገረውም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ ከቦት ይነግረዋል፤ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር ነው። ይህን ወግ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ፤ ያወጣው ሰው ሐዘንን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። እኔ ግን ያን ቀን ከወጉ ኋላ ተደበቅሁ።

ከናይሮቢ ቦሌ የሁለት ሰዓት በረራ ነው። ማታውኑ የሚነሳ አውሮፕላን እንዳለም አውቅ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍቼ ቆምኩ። ሐፍቶም ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጋደም ብሏል።

«ማነው የደወለው?» አለኝ።

«አሠልጣኙ ነው። ክብደትህን ጠይቆኝ ነው።»

«ምን አልከው?»

«ይደርሳል አልኩት።»

ትልቅ ውሸት እንዲህ በቀላሉ እንደሚጀመር አላውቅም ነበር። ለሱ ብዬ ነው እያልኩ ራሴን አባበልኩ። መሄዱ እናቱን አያስነሳቸውም፣ ቀበቶው ግን ሁለተኛ አይገኝም አልኩ። ሐሳቤ ቢጨመቅ ግን የሚወጣው ለኔ ቃል የተገባልኝ ያ ውድድር ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ክብደት ተለካ። ልኩን ሲመታ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ የማየው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነው። ዘጠኝ ሲሆን፣ ይሄኔ ዝናቡ ያራሰውን አፈር እየመለሱባቸው ነው አልኩ በልቤ። ያን ያህል ሕዝብ መሀል ቆሜ እንደዚያን ቀን ብቸኛ ሆኜ አላውቅም። የሚያለቅሱላቸው ሁሉ አዲስ አበባ ናቸው፤ እዚህ ያለነው እኔና ልጃቸው ብቻ ነን፣ እሱም አያውቅም። ደረጃ ሥር ገብቼ አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ሐፍቶም ሙዝ እየላጠ ይጠብቀኛል። «ክብደት የቀነስኩት እኔ፣ የከሳኸው አንተ» ብሎ ሳቀብኝ።

ቅዳሜ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ እጁን በፋሻ ስጠቀልልለት «እማዬን ደውልልኝ» አለኝ። ስልኩን አውጥቼ ነካካሁና «መስመር የለም» አልኩት። እንደገና ሞክር አለኝ፤ የሞከርኩ መሰልኩ። ይህን ጊዜ እጁን ከእጄ ነጠቀ።

«ሳትመርቀኝ አልገባም፣ ታውቃለህ።»

አፌ ከኔ ቀደመ። «ጠዋት ተኝተህ ሳለ ደውለው ነበር። አትቀስቅሰው አሉኝ።»

«ምን አለች?»

«ልጄን እጅህ አይድከም፣ ጉልበትህ አይዛል፣ እመቤቴ በቀኝህ ትቁም በልልኝ ብለዋል።»

ራሱን ዝቅ አድርጎ ግንባሩን ሰጠኝ። ሳምኩት። እናቱ ከተቀበሩ አንድ ቀን ሆኗቸው ነበር።

ስለ ውድድሩ ብዙ የምለው የለኝም። በሦስተኛው ዙር ከኋላ ገብቶ የተጋጣሚውን አንገት አነቀ፣ ሰውየውም ተሸነፍኩ ሲል ምንጣፉን በእጁ መታ። ቀበቶውን አስታጥቀው ማይክ ሲሰጡት በአማርኛ «ይህ የእናቴ ነው» አለ። እኔ የመፋለሚያውን የሽቦ አጥር ይዤ ስንሰቀሰቅ ካሜራው ወደኔ ዞረ። ምስሉ ዛሬም ኢንተርኔት ላይ አለ። ከሥሩ «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው» ብለው የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ አይቼ ቶሎ እዘጋዋለሁ።

እሑድ ከሰዓት ቦሌ ስንደርስ አበባ ይዞ የጠበቀን ሰው አልነበረም። ጋሽ ኪሮስ መኪና ልከው ወደ ቤታቸው አስወሰዱን። «እናትህ ጸበል ሄዳለች፣ ነገ ትመጣለች። ዛሬ እዚህ እደር» አሉት። ቀበቶውን ራስጌው አድርጎ ተኛ። ሊነጋ ሲል ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች በዝግታ ገብተው ክፍሉን ሞሉት። ነቅቶ ሲያያቸው፣ ማንም ቃል ሳይናገር ገባው። ያን የሚያህል ጉልበተኛ ጥሎ የመጣው ልጅ በሁለት ሽማግሌዎች ክንድ ላይ ወደቀ። ከዚያ በላይ አልጽፈውም።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል።

«ሐሙስ ነው አሉኝ» አለ።

«አዎ።»

«ዓርብ ነው የተቀበረችው።»

«አዎ።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ምርቃቱን እያሰበ መሆኑን አወቅሁ፤ ግን እሱን አልጠየቀኝም። «ማነው እንዳትነግረኝ ያለህ?» አለኝ።

ጋሽ ኪሮስ ፊት ለፊታችን ተቀምጠው ይሰማሉ። «ማንም አላለኝም፣ እኔው ነኝ» ማለት ነበረብኝ። «አጎትህ ናቸው» አልኩት።

ጋሽ ኪሮስ ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። አይተውኝ እንደማያውቁ ሁሉ አተኩረው አዩኝና ወደ ሐፍቶም ዞሩ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉት።

ከአርባው በኋላ ሐፍቶም ሀገር ለቀቀ። ደቡብ አፍሪካ፣ ታይላንድ፣ በመጨረሻም ዱባይ። ቀበቶውን ሦስት ጊዜ አስከብሮ በአራተኛው ተነጠቀ፤ ከዚያ ጉልበቱ ታመመና አቆመ። እናቴን እንዳልቀብር አደረጉኝ ብሎ ከአጎቱ ጋር አንዲት ቃል ሳይነጋገር ይህ ሁሉ ዓመት አለፈ። ለኔ ግን ይደውል ነበር። ድምፁን በሰማሁ ቁጥር እያነስኩ መጣሁና ቀስ በቀስ ስልኩን ማንሳት ተውኩ። ቃል የተገባልኝ ውድድርስ ካላችሁ፣ ተሰጠኝ፤ በመጀመሪያው ዙር ተዘረርኩ። ከዚያ ወዲህ የምታገለው ከሰው ቦርጭ ጋር ነው።

ሐፍቶም በሚዋጋበት ቀን ጋሽ ኪሮስ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው ጂሜ እየመጡ በቴሌቪዥን ያዩት ነበር። ልጁ ሲመታ ቆሎው አፋቸው ውስጥ ይቆማል። አንድ ቀን ደፍሬ «ጋሼ፣ ያኔ ለምን እኔ ነኝ አሉ?» አልኳቸው። ቆሎውን አኝከው ጨረሱ።

«እናቱ የሞተችበት ልጅ የሚጠላው ሰው ይፈልጋል» አሉ። «እኔን ቢጠላ አንተ ትቀርለታለህ ብዬ ነው።»

እኔ ግን አልቀረሁለትም። እሳቸው ያሳደጉትን ልጅ ያጡት በከንቱ ነበር። ይህን እያወቅሁ ስንት ዓመት ዝም አልኩ።

ማክሰኞ ዕለት አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥኩ ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ደወልኩ። «ግርማ?» አለ። ቁጥሬን አላጠፋውም ማለት ነው። «ሐፍቶም፣ አጎትህ ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። ቀብሩ ነገ ከሰዓት ነው፤ አሁን ብትነሳ ትደርሳለህ» አልኩት። ስልኩን ሳይዘጋው የቀረውንም ነገርኩት፤ እንዳየህ አድርግ ብለውኝ እንደነበር፣ የእናቱን ቀብር ሊያቆዩለት እንደነበር፣ የደበቅሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ምርቃቱም ከኔ አፍ የወጣ እንደነበር።

አልሰደበኝም። «ልደውልላቸው ቁጥራቸውን አውጥቼ የተውኩት ስንት ቀን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ። «አርጅተዋል፣ ይቅር ልበላቸው እያልኩ። ለካ ይቅር የምለው ነገር አልነበረም።»

ሐፍቶም ረቡዕ ደረሰ። ፂሙ ሸብቷል፣ ያነክሳል፤ እያነከሰም አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ሆነ። ከቀብር መልስ ተሰልፈን እግዚአብሔር ያጽናህ ስንለው የኔም ተራ ደረሰ። የሁሉንም እጅ እንደያዘው ያዘኝ፣ አሜን አለ፣ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጠራል፤ ጋሽ ኪሮስ ግን አላዩትም። ለሳቸው የምመልሰው ነገር የለኝም። ሐፍቶም ለአርባው እዚሁ ይቆያል ብላኛለች ሰላም፤ እኔም ጂሙን ዘግቼ በየቀኑ ልቅሶ ቤቱ እሄዳለሁ። ድንኳኑ ከተነሳ ወዲህ ሳሎን ውስጥ ነው የምንቀመጠው። ከሱ ሁለት ወንበር ርቄ እቀመጣለሁ። አያናግረኝም፣ ቀና ብሎም አያየኝም። ሰዉ ሲበተን «ደህና እደሩ» ብዬ እወጣለሁ። ሊጠላኝ ቢፈልግ እንዳያጣኝ ነው። ነገም እሄዳለሁ።