ስድስተኛው መቆንጠጫ

ፒሮሽካ ደክሟታል። የዛሬ ድካም አይደለም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ተንበርክካ ጨርቅ ስታጥፍ የኖረች ሴት ድካም ነው። በኬሬክቶ የአውሮፕላን ሜዳ ሰዎች ከሰማይ በጃንጥላ ይዘላሉ፤ ዋናውን ጃንጥላ ዘላዩ ራሱ ያጥፈዋል። ዋናው እንቢ ያለ ቀን የሚዘረጋውን መጠባበቂያ ግን በዓመት አንዴ ፈትታ፣ መርምራ፣ መልሳ አጥፋ፣ በቀይ ክር አስራ ማኅተሟን የምታደርግበት እሷ ናት። ከጠረጴዛዋ በላይ ዘጠኝ የፓሊንካ አረቄ ጠርሙስ ተደርድሯል። መጠባበቂያው በሰላም ያወረደው ሰው ላጠፈለት ሰው ጠርሙስ ያመጣል፤ ደንቡ ነው። አንዱንም አልከፈተችው። ዘጠኝ ጠርሙስ ማለት ዘጠኝ ሰው ነው፤ ይኼ እንግዲህ እንዴት ይጠጣል?

ያን ቅዳሜ ደመናው ወርዶ ሃንጋሩ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ዘላዮቹ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምረው ምንጣፉ ላይ ተዘርረው ወሬ ይሰልቃሉ። መሬት ላይ የዋለ ዘላይ ደግሞ ከዕቃው ሌላ ወሬ የለውም፤ የራስ ቁሩ፣ ጆሮው ሥር የምትጮህ ከፍታ ነጋሪዋ፣ አዲሱ ቱታው። ፒሮሽካ ይህን ወሬ ሃያ ስምንት ዓመት ሰምታዋለች፤ የሚለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው።

"ዘጠና ገዛሁ" አለ ቲሃሜር። የጥርስ ሐኪም ነው፣ ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፤ ጃንጥላው በየዓመቱ ባነሰ ቁጥር ደረቱ ይነፋል። "ዘጠና ካሬ ጫማ። አየር ላይ ስትዞር ምላጭ በሏት።"

"ጃንጥላ ነው የገዛኸው መሀረብ?" አለው ቪልሞሽ። "ስትወርድ ንፍጥህን ትጠርግበታለህ።"

"የእርስዎስ፣ ጋሽ ቪልሞሽ? ሁለት መቶ ሠላሳ! ድንኳን ነው እኮ፤ ሠርግ ይደገስበታል።"

"እኔማ ሠርጌን ደግሼ፣ በልቼ ጠጥቼ ነው የምወርደው። አንተ ስትወርድ ያለህ ጊዜ ለንስሐም አይበቃ።"

ሳቁ። ቪልሞሽ ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ። የመሳፈሪያውን ዝርዝር የምትይዘው ቺላ ከመስኮቷ ብቅ ስትል "ደመናው እንዴት ነው?" አሏት። "ላም አለኝ በሰማይ ነው የእናንተ ነገር" ብላ መስኮቱን ዘጋችው።

"ዕቃችሁን ሰብስቡ" አለ ቲሃሜር ቪልሞሽ ሲነሳ ዓይቶ። "ሌባው ተነሥቷል።"

ቪልሞሽ እንደ ልማዱ ፈገግ አለ። ዓመት ሙሉ ፈገግ ሲል ነው የከረመው፤ ግን ፈገግታው እያጠረ ሄዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒሮሽካ ጨርቅ ስታጥፍ እጥፉ እንዳይፈታባት የምትይዝባቸው ስድስት መቆንጠጫዎች ነበሯት፤ መዳፍ የሚያህሉ ብረቶች፣ እንዳይረሱ ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው። አምና በፀደይ አንዱ ጠፋ። ፈለገች፣ ፈለገች፣ የለም። አንድ ጊዜ መቀሷን ወስዶ የአሳማ ስብ ሲቆራርጥበት ይዛው ስለነበር፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አፏን ሞልታ "ቪልሞሽ ነው የወሰደው፣ ሌላ ማን ሊሆን!" አለች። እሱም "በእናቴ አልወሰድኩም" አለ። ሁለቴ ማለ፣ ሦስቴ ማለ፣ ከዚያ ደከመውና ተወው። ስም አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል? እሷም ሌላ መቆንጠጫ ገዝታ ረሳችው። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ከጠረጴዛዋ ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው።

ዛሬ ተራው የቪልሞሽ መጠባበቂያ ነበር፤ ዓመቱ ሞልቷል። በሌላ ጊዜ መጠባበቂያውን የሚከፍተውን እጀታ የሚስበው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ የክፉ ቀን እጁ እንዳይሳሳት ይለማመዳል። ቪልሞሽ ግን በነሐሴ ሲዘል የደረሰበትን ታሪክ ጀምሮ ነበር፤ ሲጀምር ደግሞ የሚያቆመው የለም።

"ሳቢው አንቺው" አላትና ወደ ታሪኩ ተመለሰ። "እና የዋናው ጃንጥላ ገመድ እንደ ሹሩባ ተገማምዶብኛል። እዞራለሁ፣ እዞራለሁ። እጄ መጠባበቂያው እጀታ ላይ ናት። ልስበው ስል ገመዱ ተፈታ። ፈራህ ወይ በሉኝ። ምን ያስፈራኛል? ፒሮሽካ ያጠፈችው አይደል!"

ፒሮሽካ ሳበችው። ጨርቁን የሚያስፈነጥረው ስፕሪንግ ዘለለ። ከረጢቱን አወጣች፣ ገመዱን ዘረጋች፣ ጨርቁን ከከረጢቱ ጎተተችው። ጨርቁ አልላላም። እጥፉን በእጇ ብትዳስስ ብረት አገኘች። ገልጣ አየችው። ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል።

ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። አምና ማታ ላይ እንዳጠፈችው፣ በዚያ ቀን ካጠፈቻቸው ዘጠነኛው እንደነበረ፣ የእጇን አንጓ እያመማት እንደነበረ ትዝ አላት። ማኅተም ከመደረጉ በፊት መሣሪያው አንድ በአንድ እየተነካ ይቆጠራል፤ ሕጉ ይኸው ነው። እሷ በዓይኗ ቆጥራ አለፈችው። ቪልሞሽ በዚያ ዓመት ሰማንያ ሦስት ጊዜ ዘሏል። በነሐሴ ያን እጀታ ቢስበው ኖሮ ከላዩ የሚወጣለት የታሰረ ጨርቅ ነበር። ዛሬ ታሪኩን የሚያወራው እሱ አይሆንም ነበር።

ማንም አላየም። መዳፏን ከደነችበት። ሆድ ይፍጀው ብትልስ? ስድስተኛው ተገኝቷል፣ ሰው አልሞተ። ኪሷ ውስጥ ትከተዋለች፣ መጠባበቂያውን ደህና አድርጋ ታጥፈዋለች፣ ጠርሙሶቹ እንደተደረደሩ ይኖራሉ። ሃያ ስምንት ዓመት የገነባችው ስም ነው፤ ሌላ ሀብትም የላት።

ያኔ ፀሐይ በበሩ ገባች። ምንጣፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እንደ አንድ ሰው ቀና አለ። ከስድስት ሰዓት ጥበቃ በኋላ ደመናው ተቀዶ ሰማዩ ወለል ብሎ ነበር።

"አሥራ አምስት ደቂቃ!" አለች ቺላ በድምፅ ማጉያው። የአውሮፕላኑ ሞተር ተነሣ። ሰዉ የጃንጥላውን ማዘያ ትከሻው ላይ እየጣለ መውጣት ጀመረ። ፒሮሽካ ጀርባቸውን እያየች ቆጠረች፤ ከእነዚህ ውስጥ ሰባቱ የሷ ማኅተም ያለባቸው ናቸው። ስድስት ነው፣ ሰባት? እንደገና ቆጠረች፤ ሰባት። አንዴ ቆጥራ ማመን አቅቷታል።

ሮጣ አውሮፕላኑ በር ላይ ቆመች። "በኔ እጅ የታጠፈ መጠባበቂያ የያዛችሁ አትሳፈሩ።"

"እትዬ ፒሮሽካ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተጎልተናል" አለ ቲሃሜር። "ይቀልዱብናል እንዴ?"

እጇን ከፍታ አሳየችው። "ይኼ በቪልሞሽ መጠባበቂያ ውስጥ ነበር። አምና እኔው ነኝ የረሳሁት።"

ቪልሞሽ የሚገምጠውን የፖጋቻ ዳቦ እንደያዘ ከኋላ ቆሞ ነበር። ብረቱን አየው፣ ቀዩን ጨርቅ አየው።

"እሺ" አለ ቲሃሜር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የጠፋው አንድ ነው፣ እሱም ተገኘ። የኛ ምን አለበት?"

"የጠፋው አንድ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ቆጠራዬን ነው የማላምነው፣ ልጄ። ፊቴ ሳቡት።"

አንዴ የተሳበ መጠባበቂያ እንደገና ሳይታጠፍና ሳይታተም አይዘለልበትም፤ ሁሉም ያውቃሉ። ቲሃሜር ሰማዩን አየ። እንዲህ ያለ ሰማይ ከተገኘ ወር አልፎታል። ከዚያ ማዘያውን ሣሩ ላይ አስቀምጦ እጀታውን ሳበው። ጨርቁ ሲጎተት እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ ንጹሕ ነው። ሌላዋ ሳበች፤ ንጹሕ። ሌላው፤ ንጹሕ። ፒሮሽካ ተንበርክካ የእያንዳንዱን እጥፍ እስከ መጨረሻው በእጇ ዳሰሰች። ሰባቱም ንጹሕ ነበሩ። ሣሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቶ የልብስ ማስጫ መሰለ። አውሮፕላኑ ሌላ ቦታ ያሳጠፉትን፣ የሌላ ሰው ማኅተም ያላቸውን አራቱን ይዞ ተነሣ።

ሰባቱ አልተቆጧትም። "ሰው ነሽ" አሏት፣ "ያጋጥማል" አሏት፣ አንዷም አቀፈቻት። ግን ሲነሡ መጠባበቂያቸውን ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀመጠ አንድም ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ የራሱን ሰብስቦ ወደ መኪናው ወሰደ። አልፈረደችባቸውም፤ እሷም ብትሆን እንደዚያው ታደርግ ነበር።

ቪልሞሽ ብቻ ቀረ። ጠረጴዛዋ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ፤ ዓመት ሙሉ ያልተቀመጠበት ወንበር ነው።

"የኔ ብቻ ነበር ማለት ነው" አለ።

"ያንተ ብቻ።"

"ጀርባዬ ላይ ተሸክሜው ነው ሌባ የተባልኩት።"

"ይቅር በለኝ፣ ቪልሞሽ።"

ፖጋቻውን ለሁለት ገምሶ ግማሹን አቀበላት። "ሌባ ስላልሽኝ ይቅር ብዬሻለሁ" አለ። "ስለ ሌላው... ነሐሴ ላይ እጄ የት እንደነበረች እያሰብኩ ነው፣ ፒሮሽካ። ጊዜ ስጪኝ።"

"እሺ።"

"ሰኞ ሴገድ ከተማ ወስጄው ሌላ ሰው ያጥፍልኝ።"

"እሱ ነው የሚሻለው።" ማኅተም መምቻዋን አንሥታ መሳቢያው ውስጥ ከተተችና ቆለፈችበት። ዳግም እንደማትከፍተው ሁለቱም አወቁ። ከዚያ የመጠባበቂያውን ካርድ አውጥታ አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ ያገኘችውን በሙሉ ጻፈች፤ ቀኑን፣ መቆንጠጫውን፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ። ልትፈርም ስትል ቪልሞሽ መነጽሩን አድርጎ ከትከሻዋ በላይ አነበበው።

"አንድ ነገር ጨምሪበት" አለ።

"ምን?"

"እንዳልወሰድኩት።"

ካርዱ ላይ የቀረው ቦታ ጠባብ ነበር። ፊደሏን አሳንሳ፣ "ቪልሞሽ አልወሰደም" ብላ ጻፈችና ከሥሩ ፈረመች።