ከአው ዚያድ ጎን

ልጅ ሳለሁ አባቴ ከጎጃም ወደ ሐረር ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ስለነበር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ የአንድ ሐረሪ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖር ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በአክብሮት «አው ዚያድ» ይላቸዋል። ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር ፋኖሳቸውን ለኩሰው፣ ፍሙ የደመቀውን የከሰል ምድጃ እግራቸው ሥር አስጠግተው፣ የግቢውን ልጆች ለተረት ይጠሩን ነበር።

በሐረሪ ቤት ቀይ አፈር የተቀቡት መደቦች ከፍና ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ደንብ አለው። እኔ ደንቡን ሳላውቅ አንድ ምሽት ወጥቼ ከጎናቸው፣ የትልልቅ ሰዎች መደብ ላይ ቁጭ አልኩ። የልጅ ልጃቸው ሳቀብኝ።

«የአስተማሪው ልጅ፣ ያንተ ቦታ በሩ ጋ ነው።»

«ተወው» አሉት አው ዚያድ። «ሐረር በአምስት በር ታስገባለች። አንተ የትኛው በር ላይ ዘበኛ ሆነህ ነው?»

ከዚያ ወዲያ ቦታዬ እዚያ ሆነ። በረሃብ ዘመን ጅቦች ሰው መብላት ሲጀምሩ፣ የከተማዋ ቅዱሳን አውሊያዎች ተራራ ላይ ተሰብስበው ቅቤ የጠጣ ገንፎ አቅርበው እንደታረቋቸው፣ በግንቡም ላይ መግቢያ ቀዳዳ እንደተውላቸው የሰማሁት ያኔ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ ያጠናሁትም በእሳቸው ምክንያት ነው።

ተመርቄ ስመለስ አንድ አሮጌ ቤት ለጎብኚዎች ሊከፈት አስጎብኚ ይፈለግ ነበር። ከተወዳደሩት ሁሉ ታሪኩን የተማርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። መራጮቹ ግን አው ዚያድን አስጠርተው፣ እኔ ባለሁበት ጠየቋቸው።

«አው፣ ይህ ልጅ የከተማው ልጅ ነው?»

መቁጠሪያቸውን በጣታቸው አንከባለሉ።

«ጨዋ ልጅ ነው» አሉ። «አባቱም ጥሩ ተከራይ ነበሩ።»

ሥራው ለልጅ ልጃቸው ተሰጠ። እስከ ዛሬ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ፈረንጆች አስከትሎ ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ሰላም ይለኛል፣ ሰላም እለዋለሁ። የእኔ ዲግሪ ከግንቡ ውጭ አንድ ቢሮ ውስጥ ፋይል ያስተካክላል።

ልጄ የተወለደችው እዚሁ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ነው። በቀደም ከትምህርት ቤት ስትመለስ «አባዬ፣ የሐረርን ታሪክ ጠይቃችሁ ኑ ተብለናል» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ከግንቡ ጀመርኩ። አቋረጠችኝ።

«አንተን አይደለም እኮ። የከተማውን ሰው ጠይቁ ነው ያሉን።»

ወደ ማን ልላካት ብዬ ብዙ አሰብኩ። የመጣልኝ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ አምና ቀብራቸው ላይ አልገኝም ብዬ የቀረሁባቸው የእኚያ ሽማግሌ ስም።