አርቮ የቆፈሯቸው ቦዮች

ጎረቤቴ አርቮ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። በእኛ አገር፣ በፊንላንድ ካይኑ አውራጃ፣ ረግረግ ማለት ረሃብ ነበር፤ እህሉን የሚመታው ውርጭ ከዚያ ነው የሚነሣው። አርቮም በጉብዝናቸው ዘመን ከመንደሩ ሰው ጋር በደቦ ቦይ ቆፍረው ውሃውን አፈሰሱና ጥድ ተከሉበት። መንግሥትም አመስግኗቸዋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያ ጥድ ሦስት ልጆች አሳደጉ።

ባለፈው ሚያዝያ ሳይያ የምትባል የደን ባለሙያ መጣች። ፊንላንድ አየሩን የሚያሞቀውን ጭሴን ቀንሼ የተረፈውን ደኑ ይስብልኛል ብላ አቅዳ ነበር፤ ደኑ ግን የታሰበውን ያህል አልሳበም። ስለዚህ አርቮ ቦዮቻቸው እንዲደፈኑ ይፈርሙ ነው የምትለው።

«ጥዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል አላልሽም?» አሏት።

«ይስባል፣ አባባ።»

«ታዲያ የኔ ደን ምን አጠፋ?»

«ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር ውሃው ስለ ፈሰሰ ደርቋል። ጥዱ ከሚስበው የበለጠ እሱ ያወጣል።»

«እንደኔ አማች ነው በይኛ። አንድ እንጨት ይፈልጣል፣ ሦስት ያነዳል።»

ሳይያ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

«ዕድሜ ልኬን አገር ስጎዳ ኖርኩ ማለት ነው?»

«ያኔ ማን ያውቅ ነበር፣ አባባ?»

ሁለት ሳምንት አሰቡበትና ፈረሙ። ቦዮቹን የሚደፍነው ቆፋሪ መኪና ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ግን አካፋቸውን ይዘው ወጡ። ሳይያ ስትደርስ ቦዮቹ ሁሉ ተጠርገዋል፤ ውሃው ጥርት ብሎ ይወርዳል።

«አባባ፣ ምን አደረጉ? ግማሹን እኮ ቅጠሉ ደፍኖልን ነበር።»

«በየፀደዩ ቦይ ይጠረጋል፣ ልጄ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የበለጠ ይጠረጋል። በቆሻሻ ቦይ ልቀበልሽ ነው?»

ሳይያ ጉቶ ላይ ቁጭ አለች። አርቮ መጀመሪያ የቆፈሩትን የምሥራቁን ቦይ ብቻ እንድትተውላቸው ለመኗት።

«አንዱ ክፍት ከቀረ ውሃው ሁሉ በሱ ይሄዳል» አለች በዝግታ።

አርቮ አካፋቸውን ተደግፈው ቦዩን አዩ። «እንግዲያው እሱን መኪና አይንካው። እኔው ልድፈነው።»

እኔም አካፋ ይዤ አገዝኳቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል አፈር ከመለስን በኋላ ቀና አሉ።

«አንተ መጽሐፍ ታነባለህ። አሁን ጭሱን እየቀነስኩ ነው ወይስ እየጨመርኩ?»

ስለ ረግረግ ሁለት መጽሐፍ አንብቤአለሁ። አንዱ ቦይ መድፈን ወዲያው ይጠቅማል ይላል፤ ሌላው መጀመሪያ ከረግረጉ አየሩን የሚያሞቅ ሌላ ዓይነት ጋዝ ይወጣል፣ ጥቅሙ ቆይቶ ነው ይላል።

«አላውቅም፣ አባባ» አልኳቸው።

«እኔም ያኔ ስቆፍር አላወቅኩም» አሉ። «እግዚአብሔር ያውቃል።» ከዚያ አካፋውን አነሡ።