ደጊቱ የምትዞርበት ብራና

የእህቴ የደጊቱ ባል አለበል ሠዓሊ ነበር። ድጓ ሊማር እዚሁ አገራችን ወዳለው ቤተ ልሔም ደብር ወርዶ ዜማው እምቢ ቢለው ሥዕል ተምሮ ተመለሰ። የደብራችንን መቅደስ ግድግዳ እንዲስልም የታጨው እሱ ነው። እጁ ወርቅ፣ አፉ ድንጋይ። እኔ ስንዱ ደግሞ አፌ አያርፍም። ያን ሁሉ ያመጣው አፌ ቢሆን በተሻለኝ፤ እጄ ነው።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ላይ፣ ንፋስ መውጫ አንድ የመንግሥት መኪና መጣ። የትምህርት ቤቱን መስኮት በአቡጀዲ ሸፍነው፣ በቀትር ጨለማ ሠርተው ሲኒማ አሳዩን። ዶሮ የምታክል የተሳለች ዝንብ የሕፃን ፊት ላይ ተራምዳ ዓይኑ ጥግ ገባች። አስተርጓሚው "ፊታችሁን ታጠቡ! ዓይን የምታጠፋው እሷ ናት!" እያለ ጮኸ። ማን ይስማው? እኛ እያማተብን የዝንቧን አረማመድ እናያለን። ደጊቱ አጠገቤ ተቀምጣ ግራ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ከመከር ጀምሮ ያነባ ነበር።

ሲያልቅ አለበል ባለ ሲኒማውን "ዝንቧን ማን አስኬዳት?" አለው። ሰውየው ስቆ ጥቅሉን ፈታና ወደ ብርሃን አነሣለት። ሥዕል ብቻ ነው፤ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ የሚለይ ብዙ ሥዕል።

"ይኼ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው" አለው። "የአገራችን ሰው የሠራው አላየሁም። ከሠራህ ከፋሲካ በኋላ ስመለስ አንድ በአንድ ፎቶ አነሣውና እዚሁ ግድግዳ ላይ ይሄዳል።"

አለበል ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። መዳፍ የሚያህሉ የብራና ቁርጥራጮች ባንድ ጎን ሰፍቶ፣ በአውራ ጣቱ አከታትሎ ሲለቃቸው በቅሎ ትሄዳለች። ሳቅን፣ ደስም አለን። ቀጥሎ ደጊቱን ሊስል ተነሣ። በር ላይ ቆማ ዞር ትላለች፣ ወደ ጓዳ ታያለች፣ መልሳ ወደ እኛ ትዞራለች። አርባ ቅጠል።

"ዓይኔ ሳይዘጋ ስዞር ልየው" አለችው። ያን ጊዜ ግራ ዓይኗ ጭጋግ ለብሷል። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ሲወጋት በወረንጦ የምነቅልላት አብሬያቸው የምኖር እኔ ነበርኩ።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ያያሉ። ባንድ ጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ከሃዲ ነው። የሚዞር ሰው ግን መሐል ላይ የግድ ባንድ ዓይን ይቀራል። አለበል ሃያኛው ቅጠል ላይ ሲደርስ ብሩሹን አስቀምጦ ሦስት ቀን አልነካውም። በአራተኛው ቀን የእህቴን ግራ ዓይን ትቶ ሳላት።

በዚያው ሳምንት የደጊቱ ግራ ዓይን ጠፋ።

የደብራችን መሪጌታ ጣሰው ሊጠይቋት መጥተው መደቡ ላይ ብራናውን አዩት። ፊታቸው ተለወጠ።

"ደግ ሴት ባንድ ዓይን መሳል ከማን ተማርክ?"

"ትመለሳለች የኔታ። ገና አልጨረስኩም።"

"ይኼን ሳታጠፋ ብሩሽህ የመቅደሱን ግድግዳ አይነካም" ብለውት ወጡ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ በራችንን እየሸሸ በታች በኩል ያልፍ ጀመር። እሳት ልትጭር የምትመጣ ሴት እንኳ ጠፋች። እኔም ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ?

አለበል ግን አልተወም። የደጊቱ ቀኝ ዓይንም ማንባት ጀምሯል። "ቶሎ በል" ትለዋለች። "እዚያ መሐል ላይ አትተወኝ።"

ከሆሳዕና በፊት ባለው ረቡዕ ጠዋት አለበል ጠበል ሊቀዳላት ወጣ። እሷ እንቅልፍ ወስዷታል። ብራናውን አነሣሁና ቅጠሎቹን ለቀቅኳቸው። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ዞረች፣ ዞረች፣ ግራ ዓይኗ ተዋጠ። እዚያ ላይ በጣቴ ያዝኩት። የቀረችው አንዷ ዓይን አፈጠጠችብኝ። ይኼ ነገር ቀኙንም ሊወስድባት ነው አልኩ። ለእሷ ብዬ ነው፣ አምላክ ያውቃል። ምድጃው ውስጥ ጣልኩት። ብራና ቶሎ አይነድም፤ ይኮማተራል፣ ቤቱ የተቃጠለ ቆዳ ቆዳ ይሸታል።

አለበል ገና ከደጅ ሽታውን አወቀው። አልጮኸም፣ አልመታኝም። የጠበሉን ቅል አስቀመጠና ምድጃውን አየ።

"ትናንት ማታ ጨርሼው ነበር" አለ። "ጠበሏን ስትጠጣ ላሳያት ነው። እስከ መጨረሻው ገልብጠሽዋል?"

በቁራጭ እንጨት አመዱን ጫርኩ።

ከፋሲካ በኋላ መኪናው መጣ። አለበል አልሄደም። ያችው ዝንብ እንደገና ተራመደች፣ ሰዉም እንደገና አማተበ አሉ። ብራናው ቢቃጠልም ሐምሌ ሳይወጣ የደጊቱ ቀኝ ዓይን ተከተለ። መሪጌታ "አሁን ሳል" ብለው ቢልኩበት አለበል ብሩሽ አልያዘም፤ ግድግዳውን ከእስቴ የመጣ ሌላ ሰው ሳለው።

አሁን ደጊቱን እጇን ይዤ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔ ነኝ። አንዳንድ ቀን ከቤት ስንወጣ በሩ ላይ ቆም ትላለች።

"ስንዱ፣ መጨረሻው ላይ ዞሬ ነበር?"

"ዞረሽ ነበር እታለም" እላታለሁ። "በሁለቱም ዓይንሽ ታዪን ነበር።"

እኔ ግን አላየሁም።